በሩ ተከፍቷል፤ ወንበሩስ?

የልጅዎ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ እንበል። ቤቱ ግርግር ይሆናል። ሻንጣ ይገዛል፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ይታጠፋል፤ የሎከር ቁልፍ እንዳይረሳ ይነገራል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘጋጃል። ስልኩም አያርፍም። እዚያ ከተማ የሚያውቁት ሰው ይፈለጋል፤ ሰላሙ፣ ውኃው፣ የካፌው ምግብ፣ የዶርሙ ሁኔታ ይጠየቃል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ወላጅ ነዎትና ሊጠይቁ ይገባል።

አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ቋንቋቸው፣ ኑሯቸው፣ አካላዊ ሁኔታቸውና የትምህርት መሠረታቸው የማይመሳሰል ወጣቶች ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ክፍል ሲቀመጡ መምህሩ እንዴት ነው የሚያስተምራቸው? ለፊተኛው ወንበር ብቻ ነው ወይስ ለክፍሉ በሙሉ?

ጥያቄው የትምህርት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። እኔም ብሆን የማርኬቲንግ ሠራተኛ እንጂ መምህር አይደለሁም። ነገር ግን በእኛ ሙያ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ማስታወቂያ ሠርተን ደንበኛው መልእክቱን ካልተረዳው «ደንበኛው ሰነፍ ነው» ብለን ለአለቃችን ሪፖርት አናቀርብም። ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያስብ፣ ሬዲዮ ይስማ ወይስ ቲክቶክ ይመልከት በደንብ አላጠናንም ማለት ነው፤ ሥራው እንደገና ይሠራል። በዩኒቨርሲቲ ክፍል ግን ግማሹ ተማሪ ትምህርቱ ሳይገባው ሲቀር «የዘንድሮ ተማሪ አያነብም» ተብሎ ይታለፋል። ባለሙያዎች ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት የሚሏቸው ሦስት ትልልቅ ቃላት ወደ መሬት ሲወርዱ ትርጉማቸው ይህንን ልማድ መቀየር ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ማን ማን አለ?

እስቲ የአንደኛ ዓመት ክፍልን በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ። ፊት ወንበር ላይ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ አለ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ እየሰማ ያደገ፣ ላፕቶፕ ያለው፣ እጁን ለማውጣት የማያመነታ ነው። ምናልባት የእርስዎ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ሦስት ረድፍ ኋላ ከጋምቤላ የመጣ ወጣት ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በኑዌር ቋንቋ ተምሮ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ነው፤ አማርኛ ለእሱ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። በመስኮቱ በኩል ከገጠር ቀበሌ የመጣች ልጅ አለች፤ ከሰፈሯ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ማየት የተሳነው ተማሪ ሌክቸሩን በስልኩ እየቀዳ ያዳምጣል።

አራቱም ያው አንድ ኮርስ ይወስዳሉ፤ ያው አንድ ፈተና ይፈተናሉ። ክፍሉ ውስጥ የሚደርሳቸው ትምህርት ግን አንድ አይደለም።

ቋንቋን እንውሰድ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ሲደረስ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። በተግባር ደግሞ መምህሩ ከባድ ነጥብ ላይ ሲደርስ ለማብራራት ብሎ ወደ አማርኛ ይገባል። የሚያደርገው በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን ምሳሌውም፣ ቀልዱም፣ «ይህችን ልብ በሏት፣ ፈተና ላይ ትመጣለች» የምትለዋ ፍንጭም በአማርኛ ትነገራለች። ክፍሉ ሲስቅ ከጋምቤላ የመጣው ወጣት ዘግይቶ ይስቃል፤ ወይም ጭራሽ አይስቅም። ፍንጯም ታመልጠዋለች።

«ይህ የእኛን ልጅ አይመለከትም» ብለው እንዳያልፉት። ልጅዎ ሌላ ክልል ሲመደብ መምህሩ የሚያብራራው በዚያው አካባቢ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ዘግይቶ የሚስቀው የእርስዎ ልጅ ነው። ቦታው ሲቀየር የሚገለለው ሰው ይቀየራል እንጂ ችግሩ ያው ነው። አካታች ማስተማር ለ«እነሱ» የሚደረግ ውለታ ያልሆነው ለዚህ ነው።

መግባት ሌላ፣ መማር ሌላ

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት በር ሰፍቷል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር በዓይነቱ ብቸኛ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው አድልዎ የተነሳ የደረሰባቸውን ጉዳት የሚያካክስ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ይደነግጋል። በዚህ መሠረት ለብዙ ዓመታት ለሴቶችና ለአዳጊ ክልሎች ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ቆይቷል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ሆነው እንዲሠሩ ደንግጓል።

እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የበር ጉዳዮች ናቸው። ነጥብ ዝቅ ይላል፤ ተማሪዋ ትገባለች። መወጣጫ ይሠራል፤ ባለ ዊልቸሩ ይገባል። ከገቡ በኋላስ? በዝቅተኛ ነጥብ የገባች ተማሪ ላይ «በድጋፍ የገባች» የሚል ስም ይለጠፍባታል። ስሙ ከኮርስ ወደ ኮርስ ይከተላታል። የሴቶች ቱቶሪያል ሲዘጋጅ ብዙዎቹ የሚቀሩት ድጋፉን ስለማይፈልጉት አይደለም። ቱቶሪያል ክፍል መታየት ራሱ «ደካማ ነኝ» ብሎ ማወጅ ስለሚመስል ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚወስዷቸው የጋራ ኮርሶች መካከል ስለ አካታችነት የሚያስተምር ኮርስ ተካቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አካታችነት ተጠንቶ፣ ኤ ተገኝቶበት የሚታለፍ ርዕስ ብቻ ከሆነ ፍሬው ትንሽ ነው። በሒሳቡም፣ በኬሚስትሪውም፣ በአካውንቲንጉም ክፍል መታየት አለበት። የአካታችነት ኮርስ ኃንድአውት ራሱ ማየት ለተሳነው ተማሪ በማይነበብ የፎቶ ኮፒ ቅጂ ከታደለ ተማሪዎቹ የሚማሩት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ያዩትን ነው።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ማለት ነው። በዚህ ጠባብ ወንፊት አልፎ የገባን ወጣት በማስተማር ዘዴ ጉድለት ማጣት ለቤተሰቡም ለአገርም ከባድ ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ሰላም ነው። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ካምፓሶች በተነሳው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ለዚያ ግጭት ብዙ ምክንያት አለው፤ መፍትሔውም ከክፍል በላይ ነው። ሆኖም አራት ዓመት አብረው ተቀምጠው አንድም አሳይመንት በጋራ ሠርተው የማያውቁ ወጣቶች በክፉ ቀን አንዱ ሌላውን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው።

ከበርክሌይ የተገኘ ትምህርት

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ የቆየ ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ቦታው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ። ዩሪ ትሪስማን የሚባል ወጣት የሒሳብ ተመራማሪ አንድ ነገር ያሳስበው ነበር። ካልኩለስ ከሚወስዱ ተማሪዎች መካከል ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ይወድቃሉ፤ በአንጻሩ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው። መምህራኑን ምክንያቱን ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ ለእኛም ጆሮ አዲስ አይደለም፦ ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ ድህነት ነው።

ትሪስማን በግምት አልረካም። ከሁለቱም ወገን ሃያ ሃያ ተማሪዎች መርጦ እንዴት እንደሚያጠኑ በቅርበት ተከታተለ። የተባሉት ምክንያቶች ልዩነቱን አላብራሩም። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ጠንክረው ያጠናሉ፤ ቤተሰቦቻቸውም ትምህርታቸውን ከልብ ይፈልጋሉ። ልዩነቱ የታየው ሌላ ቦታ ነበር። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች አብረው ይበላሉ፣ አብረው የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ አንዱ የሌላውን መልስ ያርማል፣ ስለ ፈተናና ስለ መምህሩ ጠባይ መረጃ ይለዋወጣሉ። ጥቁሮቹ ግን ብቻቸውን ያጠናሉ። አንድ ነገር ሲያቅታቸው ችግሩ የእነሱ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

ከዚህ ተነስቶ ያዘጋጀው ፕሮግራም የማካካሻ ትምህርት አልነበረም። ተማሪዎቹን «ደካሞች ናችሁና እንርዳችሁ» አላላቸውም። ከመደበኛው የከበዱ ጥያቄዎች ሰጥቶ በቡድን እየተከራከሩ እንዲሠሯቸው አደረገ። በፕሮግራሙ ያለፉት ጥቁር ተማሪዎች ውጤት ከሌሎቹ ጋር ተስተካከለ፤ አልፎም የተሻለበት ጊዜ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ተማሪዎቹ አልተቀየሩም፤ የካልኩለሱም ክብደት አልቀነሰም። የተቀየረው የመማሪያው መንገድ ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ከቀደመው ጓደኛው ይማራል፤ ደረሳውም እንዲሁ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዓመታት የተሞከረው የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ሐሳቡ በከፊል ይኸው ነበር። ብዙ ቦታ ያልሠራው ቡድኑ በወረቀት ላይ ስለሚቋቋምና የሚሠራው ከባድና እውነተኛ ሥራ ስለማይሰጠው ነው። ሪፖርት የሚጽፍ ቡድን ሌላ፣ አንድ ከባድ ጥያቄ ላይ ሲከራከር የሚያመሽ ቡድን ሌላ ነው።

ዋጋ የማይጠይቁ አምስት ነገሮች

አካታች ማስተማር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ውድ መሣሪያና ትልቅ በጀት ነው። በጀት የሚጠይቅ ነገር መኖሩ አይካድም። ነገር ግን መምህር በነገው ክፍለ ጊዜ ያለ ምንም ወጪ ሊጀምራቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

1. ሦስት ሰከንድ መጠበቅ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ እስኪሰጥ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አስተዋሉ። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል መልሶቹ ረዘም አሉ፤ ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎችም መናገር ጀመሩ። በእኛ ክፍል ይህ ይበልጥ ይሠራል። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በራሱ ቋንቋ አስቦ፣ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተማሪ አንድ ሰከንድ አይበቃውም። «ዝምታ ወርቅ ነው» ተብላ ያደገች ልጅም እጇን ለማውጣት ድፍረት የምታሰባስብበት ጊዜ ያስፈልጋታል።

2. ሰሌዳውን በድምፅ ማንበብ። እኔ በተማርኩበት ክፍል ማየት የተሳነው ጓደኛ ነበረን። አንድ መምህራችን ሴሚስተሩን ሙሉ በጣታቸው እየጠቆሙ «ይሄ ከዚህ ሲቀነስ ይሄን ይሰጣል» ይሉ ነበር። ሌላው ግን የሚጽፉትን ቁጥር ሁሉ እየጠሩ ይጽፋሉ፦ «ጠቅላላ ገቢ 500 ሺህ፣ ሲቀነስ ወጪ 320 ሺህ።» የጠቀመው ጓደኛችንን ብቻ አልነበረም። ኋላ የተቀመጥነውም፣ ማስታወሻ ስንጽፍ ያመለጠንም ሁላችንም በጆሯችን እንከተላቸው ነበር።

3. ማስተማሪያውን ቀድሞ መላክ። ስላይዱ ከክፍለ ጊዜው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በቴሌግራም ግሩፕ ቢለቀቅ በእንግሊዝኛ የሚቸገረው አዳዲሶቹን ቃላት አይቶ ይመጣል። ማየት የተሳነው በስልኩ የንባብ ሶፍትዌር ያዳምጠዋል፤ ፋይሉ የወረቀት ፎቶ ሳይሆን በኮምፒውተር የተጻፈ ጽሑፍ ከሆነ ማለት ነው። መስማት የተሳናት ተማሪና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋም ለሙያዊ ቃላቱ ይዘጋጃሉ።

4. ቡድንን በዕጣ መመደብ፣ ኃላፊነትን ማፈራረቅ። «ራሳችሁ ቡድን መሥርቱ» ሲባል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የአንድ ከተማ ልጆች፣ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ የአንድ ዶርም ጓደኞች ይሰባሰባሉ። መጨረሻ ላይ ማንም ያልጠራቸው ሦስት ተማሪዎች ይቀራሉ። ዕጣ ይህን ያስቀራል። ግን ዕጣ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ቡድን ውስጥ ሴቷ ሁልጊዜ ጸሐፊ፣ ላፕቶፕ ያለው ሁልጊዜ አለቃ ከሆነ መድልዎው ወደ ቡድኑ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ የጻፈች ነገ ታቅርብ፤ ዛሬ ያቀረበ ነገ ያርም።

5. ነጥብ የሚሰጥበትን መመዘኛ ቀድሞ መናገር። «ጥሩ ሪፖርት አምጡ» የሚለው ትዕዛዝ የሚገባው ቀድሞ ጥሩ ሪፖርት አይቶ ለሚያውቅ ነው። ከ20 ነጥብ ስንቱ ለይዘት፣ ስንቱ ለትንተና፣ ስንቱ ለአቀራረብ እንደሆነ አስቀድሞ ሲነገር ወንድም እህቱ ዩኒቨርሲቲ ላልገቡለት ተማሪ የተሰወረው ሕግ ይገለጥለታል።

አምስቱም የሚጋሩት ጠባይ አለ፤ ለአንዱ ታስበው ቢጀመሩም ሁሉንም ይጠቅማሉ። ሮን ሜስ የተባሉት አሜሪካዊ አርክቴክት በልጅነታቸው በፖሊዮ ታመው በዊልቸር ይንቀሳቀሱ ነበር። ሕንጻ ከመጀመሪያው ለሁሉም እንዲመች ሆኖ መነደፍ አለበት የሚለውን አስተሳሰብ ስም ሰጥተው ያስፋፉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ በዊልቸር መወጣጫው ላይ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛም ያልፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የተቋቋመው ካስት የተባለ ድርጅት ይህንኑ ሐሳብ ወደ ማስተማር አመጣው፦ ትምህርቱን ጨርሰህ በኋላ ለአንዳንዶች አታስተካክል፤ ስታዘጋጀው ጀምረህ ለሁሉም አስብ።

«ጥራቱ አይወርድም ወይ?»

ይህን ስጋት ከብዙ ወላጆች እሰማለሁ፤ ተገቢ ስጋትም ነው። ልጃችሁን በውድ ትምህርት ቤት አስተምራችሁ፣ ጎበዝ ሆኖ ገብቶ፣ ክፍሉ «ለደካሞች» ሲባል ወደ ኋላ ቢጎተት ማን ይወዳል?

መረጃው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ኮርሶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን በአንድ ላይ ገመገመ። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ሌክቸር ከ100 ተማሪ 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ ተማሪው በሚጠይቅበት፣ በሚወያይበትና በሚሠራበት ክፍል የወደቁት 22 ያህል ነበሩ። በ2020 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለው ማስተማር ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በመጡና በእነዚህ ትምህርቶች ቁጥራቸው አነስተኛ በሆኑ ወገኖች ተማሪዎች ላይ የሚታየውን የፈተና ውጤት ልዩነት በ33 በመቶ፣ ኮርሱን የማለፍ ልዩነትን ደግሞ በ45 በመቶ እንዳጠበበ አሳይቷል። ልዩነቱ የጠበበው ጎበዞቹ ወደ ታች ወርደው አይደለም።

አካታችነትና ርኅራኄም መለየት አለባቸው። ፈተናውን ያልሠራን ተማሪ «ከሩቅ ነው የመጣው» ብሎ ማሳለፍ ደግነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ተመርቆ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርብ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። ፍትሐዊነት የሚባለው የፈተናው ከፍታ ሳይነካ ወደ እሱ የሚያደርሰው መሰላል ለሁሉም መኖሩ ነው።

የሕግ ባለሙያዋን የወ/ሮ የትነበርሽ ንጉሤን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ወሎ ተወልደው በ5 ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን መብት ለማስከበር ባደረጉት ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ትልቅ ስፍራ የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ታሪካቸው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ አንዲት ብርቱ ሴት ጽናት ነው፤ ጽናታቸውም እውነት ነው። ግን ልብ እንበል፤ በልጅነታቸው ብሬል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ባያገኙ ኖሮ ያ ሁሉ ብርታት የት ይደርስ ነበር? የእሳቸውን ያህል አእምሮ ይዘው መሰላሉን ያላገኙ ልጆችን ቁጥር ማንም አልመዘገበውም።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ወላጅ ሌክቸር አዳራሽ አይገባም። ሆኖም ከቤት የሚጀመር ሥራ አለ።

ልጅዎን ሲሸኙ የሚሰጡትን ምክር መርምሩት። «ከማን ጋር እንደምትውል ተጠንቀቅ» ማለት ጥሩ ነው፤ ስለ ሱስና ስለ ሌሊት ጉዞ ከሆነ። «የእኛን ሰዎች ፈልገህ ከእነሱ ጋር ብቻ ሁን» ማለት ከሆነ ግን ልጁን ከትልቁ የዩኒቨርሲቲ ጥቅም እየቆለፉበት ነው። ነገ ሥራ ሲይዝ ደንበኛውም፣ አለቃውም፣ ባልደረባውም ከየአካባቢው ይሆናሉ። ሰው ሲቀጠር አብሬ ስቀመጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ከማይመስሉት ሰዎች ጋር መሥራት የሚችል ወጣት በዲግሪ ነጥቡ ብቻ ከሚመካው ቀድሞ ሥራ እንደሚያገኝ ነው።

ሲደውሉም ጥያቄውን ቀየር ያድርጉት። «ስንት አመጣህ?» ብቻ ሳይሆን «ቡድናችሁ ውስጥ ማን ማን አለ? ዝም የሚል ልጅ አለ? ለምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነቡ ወይም በድምፅ የሚቀዱ በጎ ፈቃደኞችን እንዲቀላቀል ያበረታቱት። መጽሐፍን ለሌላ ሰው ጮክ ብሎ የሚያነብ ተማሪ ትምህርቱን ራሱም ሁለት ጊዜ ያጠናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰላምታና መሠረታዊ ቃላት መማር ለማንኛውም ተማሪ ከባድ አይደለም።

ልጅዎን በግል ኮሌጅ የሚያስተምሩ ከሆነ ደግሞ ከፋይ ነዎትና ድምፅዎ ይሰማል። ሲያስመዘግቡ ስለ ክፍያና ስለ ዕውቅና ፈቃድ ብቻ አይጠይቁ። «አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪ ሦስተኛ ፎቅ ክፍል ቢደርሰው ምን ታደርጋላችሁ? መምህራን ስለ ማስተማር ዘዴ ሥልጠና ይወስዳሉ? ተማሪዎች መምህራኑን የሚገመግሙበት ቅጽ አለ ወይ?» ይበሉ። ከገበያ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ደንበኛ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ነገር ድርጅቶች ሳይወዱ በግድ ማቅረብ እንደሚጀምሩ ነው።

ሴት ልጅ ካለችዎት ደግሞ ሥራው ዛሬ ማታ ገበታ ላይ ይጀምራል። እንግዳ ባለበት ሐሳቧን ስትናገር «ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው እያወራ ነው» ከተባለች፣ 200 ተማሪ ባለበት አዳራሽ እጇን እንድታወጣ መጠበቅ ይከብዳል። ጨዋነት ዝምታ ብቻ እንዳልሆነ ከእርስዎ ትስማ። ለወንድ ልጅዎም እንዲሁ ማድመጥን ያስተምሩት፤ በቡድን ሥራ ላይ የእህቱን የዕድሜ እኩያ ሐሳብ ሳያቋርጥ መስማት የሚማረው ከቤቱ ነው።

መምህር የሆኑ አንባቢያን ደግሞ ከላይ ካሉት አምስት ነገሮች አንዱን ብቻ መርጠው በዚህ ሴሚስተር ይሞክሩት። ስላይድዎን አንድ ቀን ቀድመው ይላኩ፤ ወይም ጥያቄ ጠይቀው በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ዝምታው ሊያስጨንቅዎ ይችላል። ይታገሱት። ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ሰምተውት የማያውቁት ተማሪ ሊናገር እየተዘጋጀ ይሆናል።